ከሳጥኑ የጎደለው አጥንት

የሺመቤትን የጠላኋት ገና ደጃፋችንን ሳትረግጥ ነው። እናቴ አምሳለ በወሊድ ከሞተች ሁለት ዓመት ሳይሞላ አባቴ አገባት። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጥላቻዬን ለማንም አልደበቅኩም። ምሳ ስታቀርብልኝ ሳህኑን እገፋለሁ፣ ፀጉርሽን ልሥራሽ ስትለኝ አመልጣለሁ፣ ስሟንም ላልጠራ ምዬ «እሷ» ብቻ እያልኩ ኖርኩ። ሰው ሕፃን መልአክ ነው ሲል ስሰማ ዛሬም ሳቄ ይመጣል። እኔ መልአክ አልነበርኩም፤ እባብ ነበርኩ፣ ለዚያውም የሚነክስ።

ቤታችን ሰቆጣ ነው፣ ከገበያው በላይ። በድንጋይ ካብ በታጠረ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት አለ፤ በአንዱ እኛ፣ በሌላው የአባቴ ታላቅ እህት ይታየሽ። አባቴ ምትኩ አናጢ ነበር። ምስማር በከንፈሩ ይዞ መዋሉ ይሁን ተፈጥሮው እንጃ፣ መናገር አይወድም። የሱንም ድርሻ አክስቴ ትናገርለት ነበር። አክስቴን ፊት ለፊት ሳነጋግራት አንቱ ነው የምላት። እዚህ ላይ ግን አንቱታውን ትቼዋለሁ፤ የሠራችውን ስትሰሙ አትፈርዱብኝም።

የሺመቤት ከጋዝጊብላ የመጣች የጤና ረዳት ነበረች፤ መርፌ ትወጋለች፣ ቁስል ታጥባለች። በዚያ ዓመት፣ በዘጠና መሆኑ ነው፣ ነርስ ሆና እንድትመለስ በመኪና ሁለት ቀን ወደሚያስኬድ ከተማ፣ ኮሌጅ ተላከች። ለፋሲካ ስትመጣ አንድ ወፍራም መጽሐፍና አንድ ጭንቀት ይዛ ነው የመጣችው። የሰውን አካል ክፍሎችና አሠራራቸውን የሚያስተምረውን፣ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ የሚሉትን ትምህርት ወድቃለች። አንድ ዕድል ሰጥተዋታል፤ ከፋሲካ በሁለት ሳምንቱ፣ ሰኞ ጠዋት። ያንን ከወደቀች ትባረራለች፣ አለቀ። ይህን ለአባቴ ስትነግረው ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ ሰምቻለሁ።

«ለስድሳ ተማሪ አንድ አፅም ነው ያለን» አለችው። «ተጋፍቶ ፊት የቆመ ያያል። እኔ ደግሞ መጋፋት አልችልበትም፣ ሁልጊዜ ከኋላ ነኝ። አጥንት በሥዕል አይገባኝም ምትኩ፤ በእጄ ካልያዝኩት አይገባኝም።»

«እንግዲህ» አለ አባቴ። ለሱ ይሄ ረጅም ንግግር ነው።

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አምሳለም እኮ በእጄ ነው ያለፈችው።»

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም፤ ጆሮዬ ጭው አለ። እናቴ በዚህች ሴት እጅ! በእጅ ማለፍ ማለት ለኔ መገደል ነበር፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? የንግግሩን ቀሪ ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አባቴ ሊሞት ሲል ነው። «ያኔ የት ጋ መጫን እንዳለብኝ ባውቅ ኖሮ ደሙን አቆመው ነበር፤ የምማረውም ለዚህ ነው» ነበር ያለችው። እኔ ግን ግማሹን ይዤ ሄድኩ፤ ግማሹም በቃኝ።

ፋሲካ ዕለት ፍየል ታረደ። በሰፈራችን ብልት በማወቅ አክስቴን የሚያክል አልነበረም። ወንዶቹ አርደው፣ ገፈው ይሰቅላሉ፤ ብልት መለየቱን ግን ለሷ ይተዉላታል። ሠርግ ሲሆን፣ ተዝካር ሲሆን፣ «ይታየሽን ጥሩ!» ነው። ቢላዋዋ አጥንት ሳይነካ ዝም ብሎ መገጣጠሚያው ውስጥ ይገባል። ወርቹ ይወርዳል፣ ጭኑ ይወርዳል፣ ፍሪምባው ይነሳል፤ አንድም ቦታ አትሳሳትም።

የሺመቤት መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«እትዬ ይታየሽ፣ ይሄኛው ከየት ነው የሚገባው?»

«እዚህ ጎድጓዳው ውስጥ ነዋ! ዓይን የለሽም?»

«እስቲ ይያዙልኝ፣ በጣቴ ልንካው።»

«ንኪው፣ ማን ከለከለሽ! ይኸው፣ ሲዞር አየሽው? ከዚህ ይነሳና እዚህ ያርፋል።»

ተሳሳቁ። ዕውቀቷን ሰው ሲጠይቃት አክስቴ ልቧ ይሞቃል፤ እጇ እስከ ክርኗ በደም ተነክሮ ዙሪያዋን እያየች ታስተምር ነበር። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ሁለቱንም በዓይኔ እበላቸዋለሁ።

ከምሳ በኋላ የደረሰኝን የእግር አጥንት ግጬ ጨርሼ፣ መቅኔውን ላወጣ ድንጋይ ላይ ላሳርፈው ስል የሺመቤት እጄን ያዘችኝ። «እሱን አትስበሪብኝ ጥሩዬ፤ ሌላ ልስጥሽ» ብላ ከእጄ ወሰደችው። በፋሲካ! ከአፌ! የእንጀራ እናት ከልጅ አፍ ነጥቃ መቅኔ ልትመጥ! ግቢውን በጩኸት አናወጥኩት። በማግስቱም አኩርፌ የክርስትና እናቴ ዘንድ ሄድኩና ሳምንት ቆየሁ።

ስመለስ የሺመቤትን ከጓሮ አገኘኋት። ከድንጋይ ካቡ ሥር፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ ከጦርነቱ የተረፈ አረንጓዴ የጥይት ሳጥን ተከፍቷል። ውስጡ አጥንት ነው። የተፋቀ፣ ጨርቅ የመሰለ ነጭ፣ በየላዩ በቀይ እስክሪብቶ በማላውቀው ፊደል የተጻፈበት። አንዱን ታነሳለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ዳር ዳሩን በጣቷ ትዳስሳለች።

«ስካፑላ» ትላለች። ታስቀምጠዋለች። ሌላ ታነሳለች። «ሂዩመረስ። ራዲየስ። አልና።»

የጠፋባት ጊዜ በኽምጣኛ ራሷን ትሰድባለች፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ዛሬ ሳስበው የፈተና ፍርሃት ነው። ያኔ ግን የመናፍስት ስም እየጠራች መሰለኝ፤ ጠንቋይ ቤት ገብቼ ባላውቅም ስም እንደሚጠራ ሰምቻለሁ።

እየሮጥኩ አክስቴ ቤት ሄድኩ። አክስቴና ጎረቤታችን ደብሬ ደጃፍ ላይ ምስር ይለቅማሉ። መምጣቴን አላዩም።

«ያቺ ዲፕሎማዋን ትያዝና ታያለሽ» ትላለች አክስቴ። «መንግሥት ወደ ላካት ትሄዳለች፣ ወንድሜንም ታስከትላለች። ቤቱም ይሸጣል። እኔን ማን ሊጦረኝ ነው? ግድግዳው?»

«ኧረ ተይ፣ ደግ ሴት ናት» አለች ደብሬ።

«ደግ! ሁለት ሰዓት ሙሉ በኽምጣኛ ስታጉረመርም የምትውል ሴት ምን እንደምትል ማን ያውቃል?»

የአክስቴ የገዛ እናት፣ ማለትም አያቴ፣ ከኽምጣኛ ሌላ ቋንቋ ሳታውቅ ነው የሞተችው። ግን ይሄን ማን ያነሳባታል? እኔ ከንግግራቸው ለይቼ የሰማሁት አባቴ ሊወሰድ መሆኑን ብቻ ነው።

«አክስቴ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው የማን አጥንት ነው?» አልኩ።

ሁለቱም ደነገጡ። አክስቴ ደብሬን አየቻት፤ ደብሬ ምስሯን አየች።

«እኔ ምን አውቄ» አለች አክስቴ ቀስ ብላ። «ሬሳ ስታገላብጥ የኖረች ሴት የማንን እንደምታመጣ እግዜር ይወቅ። ብቻ አትጠጊያት። ቡዳ የቀበሩትን ሰው ከመቃብር አውጥቶ ይወስዳል ሲባል አልሰማሽም?»

ማን ያልሰማ አለ? ቡዳ በልቶ የገደለውን፣ ዘመድ አልቅሶ ከቀበረው በኋላ ሄዶ ያወጣዋል፤ ይህን የሰቆጣ ልጅ ሁሉ ያውቃል። እኔም ሒሳቡን ሠራሁ። እናቴ በእጇ ነው ያለፈችው። ሳጥኑ ውስጥ የሰው አጥንት አለ። እንግዲህ የማን ይሆናል? ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳጥኑ አጠገብ ሳልፍ በሆዴ «እማዬ» እላለሁ። የሺመቤት ክዳኑን ስትከፍት እናቴን በብርድ እያወጣቻት ይመስለኝና ጥርሴ ይንገጫገጫል። እንዲህ ዓይነት ጥላቻ ከዚያ ወዲህ ለማንም ኖሮኝ አያውቅም፤ ለአክስቴም ቢሆን።

ሐሙስ ዕለት መጣ። የጭነት መኪናው በሳምንት አንድ ቀን፣ አርብ ጠዋት ነው የሚነሳው፤ የሺመቤት ሻንጣዋን አሥራ ጨርሳለች። እኔ ካቡ ላይ ተቀምጬ እግሬን እያወዛወዝኩ ሳለሁ ከሳጥኗ ተነስታ ወደኔ መጣች። ሰሞኑን ስሸሻት መክረሜን ያላየች ይመስል ፊቷ ፈክቷል።

«ጥሩዬ» አለችኝ፣ «ከሳጥኔ አንድ አጥንት ጎድሎኛል። እሱ ያለው አንቺ ጋ ነው። አንዴ ብቻ አውሺኝ፤ አያምሽም።»

አውራ ጣቷን ከአንገቴ ሥር አሳረፈች። ከዚያ ተነስቶ ወደ ትከሻዬ የሚሄደውን ቀጭን አጥንት ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰችው። ዓይኗን ጨፈነች። «ክላ…» ብላ ጀመረች።

እጇን እስከ አጥንቷ ነከስኳት። ከካቡ ዘለልኩ፤ ዘለልኩ እንኳ አይባልም፣ ወደቅኩ። በትከሻዬ ድንጋይ ላይ አረፍኩ፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ከውስጤ ሰማሁ። የተሰበረውም ያው፣ እሷ በጣቷ የዳሰሰችው አጥንት ነው። እግዜር አንዳንዴ ለክፉ ሰው እንዲህ ይመሰክርለታል።

«አጥንቴን ወሰደችው!» ብዬ ጮህኩ። «እንደ እማዬ! አጥንቴን ወሰደችው!»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔ ግን አላመለጠኝም፤ ጉሮሮዬ እስኪነቃ፣ ሰፈር እንዲሰማ ብዬ ነው የጮህኩት። ሰፈርም ሰማ። አክስቴ ደረሰች፣ ደብሬ ደረሰች፣ ከገበያ የሚመለስ ሁሉ ሸክሙን እያወረደ ግቢውን ሞላው። የሺመቤት ከእጇ ደም እየወረደ አጠገቤ ተንበርክካለች።

«ተሰብሯል፤ አታንቀሳቅሷት!» አለች። «ትከሻዋን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ ያዙልኝና በነጠላ ልሰረው። ቶሎ ከታሰረ ይገጥማል።»

«እጅሽን አንሺ!» አለች አክስቴ። «እንትፍ በይባት!»

ቡዳ የያዘውን ሰው ቡዳው ራሱ እንትፍ ካለበት ይለቀዋል፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ሕዝቡም ተቀበለ፤ «እንትፍ በይባት! እንትፍ በይባት!» አንዱ ሳጥኑን ከፍቶ ሊያይ ጎንበስ ሲል አክስቴ ተወርውራ ክዳኑን በእግሯ ዘጋችው። «ጋኔን አለበት! የከፈተ ይለከፋል!» ሰውየው ዘሎ ወደ ኋላ ሸሸ።

አባቴ በመካከሉ ደረሰ። ከሥራው ነው የመጣው፤ ሦስት ምስማር በከንፈሩ ይዟል።

«ምትኩ፣ ንገራቸው እንጂ» አለችው የሺመቤት። «የፍየሉን አጥንት ስቀቅል አንተ አይደለህ እንጨቱን ፈልጠህ ያቀበልከኝ? ንገራቸው!»

አባቴ እሷን አየ፣ እህቱን አየ። «እትዬ፣ እስቲ…» አለ።

«አንተ ዝም በል! ልጅህን ልትበላልህ ነው!»

ምስማሮቹን ከከንፈሩ እንኳ አላወጣም። አባቴን እወደው ነበር፤ ቀብሬዋለሁም። ያቺን ቀን ግን አልቀበርኩለትም።

የሺመቤት ዙሪያዋን አየች። የጭነት መኪናው ነገ ጠዋት ይነሳል። «ከተፋሁ ትለቁኛላችሁ?» አለች።

«እንለቅሻለን።»

ጎንበስ ብላ ትከሻዬ ላይ እንትፍ አለች። ምራቅ እንኳ አልነበረውም፤ አፏ ደርቋል። ሕዝቡ በአንድ አፍ «አመነች!» ብሎ ጮኸ። ንጹሕ ብትሆን ለምን ትተፋ ነበር? ባትተፋም ገዳይ ናት፣ ብትተፋም ቡዳ ናት። ወይ ፍርድ!

አልለቀቋትም። ነገሩ በሽማግሌ ይታይ ተብሎ ደብሬ ቤት አስቀመጧት። አርብ ጠዋት መኪናው ሲነሳ ጡሩምባው ቤታችን ድረስ ተሰማ። መጽሐፏን አክስቴ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው፤ ወፍራም ስለነበር ሁለት ቀን ነደደ። ሰኞ ጠዋት፣ ስድሳው ተማሪ እዚያ ማዶ ወረቀት ሲቀበል፣ የሺመቤት ከዋርካ ሥር በሦስት ሽማግሌ ፊት ቆማ «ከየት አመጣሽው?» ትባል ነበር። «የፋሲካው ፍየል ነው፤ ከፍታችሁ እዩት» አለች። ሽማግሌዎቹ ሳጥኑ ይምጣ አሉ።

ሳጥኑ ግን የለም። አክስቴ በእሑዱ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሳይበተን፣ በጆንያ ጠቅልላ አስቀብራዋለች። ከእናቴ መቃብር አጠገብ፣ ከአጥሩ ሥር፤ የተቀበረ የሚያወጣ ቡዳ ነውና ማንም አልቆፈረውም። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔም ክንዴ በአሮጌ ጨርቅ ደረቴ ላይ ተጠፍሮ፣ ያሠረችው አክስቴ ናት፣ ለሁለተኛ ጊዜ እናቴን ቀበርኩ። ለዚያ ፍየል ያፈሰስኩትን እንባ ያህል ለአባቴ አላፈሰስኩም።

የሺመቤት በሳምንቱ በእግሯ ወጣች፤ የሚያሳፍራት ሾፌር አልተገኘም። አባቴ ሻንጣዋን እስከ ከተማው ጫፍ ተሸከመላት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሴት አላገባም፤ ያንኑ የነበረውን ሁለት ቃልም ተወው። እኔ ደግሞ እሰይ አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጨፈርኩ።

ዓመታት አለፉ። በሁለት ሺህ ዓ.ም. እኔም ኮሌጅ ገባሁ፣ ለዚያውም ነርሲንግ። ለሰው ልጅ አዝኜ እንዳይመስላችሁ፤ ውጤቴ የደረሰው እሱ ጋ ስለነበር ነው። አናቶሚ የሚያስተምረን መምህር ወንዳወቅ አንድ ቀን ከፊት የተቀመጥኩትን እኔን ዓይቶ፣ ከአንገቴ ሥር ያለውን እብጠት በጣቱ አሳየኝ።

«ተሰብሮ ያለ ቦታው የገጠመ ነው፤ ነይ፣ ለክፍሉ እናሳይ» አለ። ተነስቼ ቆምኩ። «ይሄ ክላቪክል ነው። ሰው አለው። በግ የለውም፣ ላም የለውም፣ ፍየል የለውም። አርዳችሁ ብትፈልጉ አታገኙትም።»

ተማሪው ይጽፋል። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ሳጥኑ ታየኝ። ወርቹ፣ ጭኑ፣ ጎድኑ፤ ከእጄ የወሰደችው የእግር አጥንት። አንድ አጥንት ጎድሎኛል፣ አንቺ ጋ ነው፣ አውሺኝ፣ አያምሽም። ከክፍል ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አስታወክኩ። መምህሩ እርጉዝ ነሽ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ።

እንግዲህ ሁላችንም ተሳስተን ነበር ብዬ ልጽናና ስል አንድ ነገር አላስተኛኝ አለ። እኔ ልጅ ነበርኩ። አክስቴስ? አክስቴ እንኳን አጥንቱን፣ ድምፁን ሰምታ ብልቱን ትለያለች።

ለገና ሰቆጣ ሄድኩ። አክስቴ ሞራ ዓይኗን ሸፍኖት ደጃፍ ላይ ትሞቃለች። ከገበያ የፍየል ወርች ገዝቼ፣ ሥጋውን ለሷ ቀቅዬ አብልቼ፣ ጠፍጣፋውን አጥንት ፍቄ አጥቤ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት።

«አክስቴ፣ ይሄ ምንድነው?»

አንድ ጊዜ ብቻ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። «የፍየል ወርች ነዋ» አለች። «ግራው። ለዚያውም ገና ጠቦት ነው፤ ምነው ጠና ያለ አጣሽ?»

«ያን ጊዜ በሳጥኑ የነበረውስ?»

እጇ ቆመ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው፤ አሥር ዓመት ሙሉ።

«እሱ ቀኙም ነበረበት» አለች።

ደሜ ፈላ። «ያውቁ ነበር! እያወቁ ነው ያደረጉት!»

«እንዴት አላውቅም? እኔ አይደለሁ ያወጣሁት?» ድምጿ የድሮው ሆነ። «ወንድሜን ልትወስድብኝ ነበራ! እናንተ ስትሄዱ እኔ እዚህ ከማን ጋር ልቀር? ደግሞ ምን አድርጊ ነው የምትዪኝ? ልጅ ወድቃ ተሰብራ እየጮኸች፣ ሰው ግቢውን ሞልቶ! እኔ ነኝ አጥንቴን ወሰደችው ብለሽ ጩኺ ያልኩሽ? ተናገሪ! እኔ ነኝ?»

አጥንቱን ከእጇ ነጥቄ ወጣሁ፤ አክስቴ ቤት ከዚያ ወዲህ የገባሁት ለለቅሶዋ ነው።

የሺመቤት ኒሯቅ ከተማ እንዳለች የነገረኝ አባቴ ነው። ወጌሻ ሆናለች አለኝ፤ የወለቀ ትመልሳለች፣ የተሰበረ ታስራለች። በገበያ ቀን ሄድኩ። ደጃፏ በሰው ተሞልቷል። ከሰቆጣ የተከተላት ስም እዚያም ደርሷል፤ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች እርስ በርሳቸው «ቡዳ ናት አሉ» ይላሉ፣ ግን ክንዳቸውን ታቅፈው ይጠብቃሉ። ከፊቴ የነበረውን ሰውዬ ብብቱን በተረከዟ ደግፋ፣ ክንዱን አንዴ ሳብ አድርጋ የወለቀ ትከሻውን መለሰችለት። እሱ ጮኸ፣ እሷ ወደሚቀጥለው ዞረች።

ተራዬ ደረሰና በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። አርጅታለች፤ ግራ እጇ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ፣ የጥርስ። ፊቴን አላየችም፤ በሽተኛ ስትነካ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ እንደ ድሮው። አውራ ጣቷን ከአንገቴ ሥር አሳረፈችና ሄደች፣ ሄደች፣ እብጠቱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄን ማን ነው ያሰረው?»

«አክስቴ።»

ዓይኗን ገለጠች።

«ክፉኛ ነው የታሰረው» አለች። «አሁን አይቃናም። ያኔ ቢሆን በሦስት ሳምንት ይድን ነበር።»

«እትዬ የሺ» አልኩ። ስሟን በአፌ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። እንባዬ መጣ። «ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ነርሲንግ እየተማርኩ ነው። አናቶሚ ስንማር ነው የገባኝ። ፍየል እንደነበረ አሁን አውቃለሁ…»

«አናቶሚ ስንት አመጣሽ?» አለችኝ።

ልዋሽ ፈለግኩ፤ አልቻልኩም። «ኤ» አልኩ።

እጇን በጨርቅ ጠረገች፤ እኔን የነካችበትን አውራ ጣት ለብቻው፣ ደጋግማ።

«እኔ ሁለት መቶ ስድስቱንም አጥንት በቃሌ ይዤ ነበር» አለች። «ፈተናው ሰኞ ነበር።»

ከዚያ በራሴ ላይ አሻግራ ወደ በሩ ተጣራች፤ «ቀጣይ ይግባ!» ገና ሳልነሳ አንድ ክንዱን የታቀፈ ሽማግሌ መጥቶ አጠገቤ ቆመና፣ ቦታውን ልቀቂልኝ ብሎ በከዘራው ነካ አደረገኝ።